ኒሳንም እስኪገባ

«ተጨመረ! እናንተ ሰዎች፣ ተጨመረ!»

ሰውየው በጭቃ የተለቀለቀች በቅሎውን እየጎሰመ ከአርቤል ገደል ሥር ብቅ ሲል፣ በቤተ ማላሕ ባሕር ዳር ዓሣ በጨው የሚያሹት ሴቶች ቀጣዩን ቃል አልጠበቁም። በበቅሎ መጥቶ «ተጨመረ» የሚል ሰው ለዚያች መንደር አምጥቶ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቄሣርን ግብር። ደህና ደህናው ዓሣ ወዲያው ከጋኑ ወጥቶ ቀሚስ ሥር ገባ። ከላይ የቀረውን ድመት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። መረብ ጠጋኙ ዶሳም አዲሱን መረብ ጠቅልሎ ቁጭ አለበትና፣ አሮጌውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ማቃሰት ጀመረ።

«ስንት ተጨመረ?» አለች አንዷ፣ ጨው የበላው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«አንድ!»

«አንድ ምን? አንድ ጋን?»

«ወር!»

«በየወሩ? እንግዲያማ ባሕሩንም ጭናችሁ ውሰዱትና ተገላገሉን!»

ሰውየው ከበቅሎዋ ወረደ። መንገዱን ሁሉ ሲጮህ መጥቶ ድምፁ ሻክሯል። «የምን ጋን ነው የምታወሪልኝ? እኔ ታንሁም ነኝ። ከኡሻ፣ ከሽማግሌዎች ሸንጎ የተላክሁ ነኝ። ዓመቱ ላይ ወር ተጨመረ ነው የምላችሁ! ዛሬ የሚያልቀው የአዳር ወር የመጀመሪያው አዳር ሆነ። ማታ ደግሞ ሁለተኛው አዳር ይገባል። ቀጣዩ ወር ኒሳን ተራውን ይጠብቃል፤ ፋሲካም ከኒሳን ጋር ይጠብቃል። ቂጣ ለመጋገር የተጣደፈ ካለ እጁን ይሰብስብ!»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንድ ትልቅ ዓሣ ከአንዷ ቀሚስ ሥር ሾልኮ ዱብ አለ፣ ሳቁም ፈነዳ።

ነገሩ ሳይታሰብ የመጣ አልነበረም። የዚያ ዓመት ዝናብ ማቆም አቅቶት ከርሞ፣ ገብሱ ገና እንደ ሣር አረንጓዴ ነበር፤ ገብስ ሳይደርስ ደግሞ ፋሲካ አይከበርም። የቂጣ ምድጃዎቹ ቀልጠው ጭቃ ሆነዋል፤ ድልድዮቹን ጎርፍ ወስዷቸዋል። የኡሻ ሽማግሌዎችም ይህን ሁሉ ያዩታል፤ ግን ሽማግሌ ሲባል ተከራክሮ አይጠግብምና፣ ወሩን የጨመሩት ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ወሬውም በመጨረሻው ቀን ደረሰ።

«ሰላምጽዮን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ዓሣ አሻጊው ዘቢዳ ነው፤ ደስታም ሐዘንም ሲደርስበት ድምፁ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። «አንድ ሰው ለሰላምጽዮን ይንገራት! ሳጥኗን ታስገባ!»

ዶሳ ከተቀመጠበት መረብ ላይ ተነሣ። ከጧት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ሲለቀው ተሰማው።

በመንደሩ የአዳርን ማለቅ እንደ ሰላምጽዮን የፈራው አልነበረም። ባሏ ዮኤዘር ዝናቡ ሳይጀምር የጨው ዓሣውን ጭኖ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ደማስቆ ሄዷል። ሲሄድ በእጇ የፍች ጽሕፈት ሰጥቷታል። ጠልቷት አይደለም። በዚያው ሰፈር ባሏ ጢሮስ ሄዶ የቀረባት ሴት አለች፤ ሚስትም መበለትም ሳትሆን፣ ሌላ ማግባትም ሳትችል፣ በር ላይ ተቀምጣ መንገድ ስታይ ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ዮኤዘር ሰላምጽዮን እንደዚያች ሴት እንዳትቀር ብሎ ቀን ቆረጠ፤ እስከዚያ ካልመጣሁ ነፃ ነሽ አላት። እሷም ጽሕፈቱን የጋለ ድስት እንደሚቀበል ሰው ተቀበለችው። ያን ጊዜ የአዳር መጨረሻ እጅግ ሩቅ ነበር።

ችግሩ ዮኤዘር ካህን መሆኑ ነው። ካህን የተፈታች ሴት አያገባም፤ የፈታት ራሱ ቢሆንም መልሶ አያገባትም። ተፈትታ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ቢነሣ እንኳ በቂው ነው፤ ቤቱ አይመልሳትም። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቀን አርፍዶ መጥቶ፣ ወይን ቀድቶ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ያገባት ነበር። ዮኤዘር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ካልደረሰ፣ በማግስቱ እየሮጠ ቢመጣም እሷን የሚያያት በአጥር ላይ ብቻ ነው። መንገዶቹ ደግሞ በዚያ ዝናብ ምን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሰላምጽዮን ከጧት ጀምሮ ልብሷን አጣጥፋ፣ ሳጥኗን በር ላይ አውጥታ፣ ወደ ወንድሟ ቤት ለመሄድ ፀሐይዋን ስትጠብቅ ነበር የዋለችው።

ዘቢዳና ዶሳ ሲሮጡ ደርሰው፣ ዘቢዳ ከሩቁ «ወር ጨመሩልሽ!» አላት። «ኡሻ ተቀምጠው ላንቺ ብለው ወር ጨመሩልሽ!»

አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። «ለእኔ ነው ለገብሱ?» አለች።

«ለማንም ይሁን! ነይ፣ አባ ሂልፋይ ዘንድ ሄደን ይባርኩት።»

አባ ሂልፋይ የመንደሩ ዳኛ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ባቄላ እየፈለፈሉ አገኟቸው። መልእክተኛው ታንሁም አጠገባቸው ተቀምጦ ዳቦ ይበላል፤ ገና ዛሬውኑ ባሕሩን ተሻግሮ ለወዲያኛው ዳር መንደሮች መንገር አለበት። ግቢው ወዲያው በሰው ሞላ።

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ አባ ሂልፋይ ነገሩን ሲሰሙ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት። በሉ እንግዲህ፣ ለወጉ ያህል ነው፤ ምስክሮቹ ቃሉን እንደሰማችሁት በሉልኝና ወደየሥራችሁ ሂዱ። ሁለታችሁ አይደላችሁም በዚያ ቀን የነበራችሁት? ዶሳ፣ አንተ ጀምር።»

ዶሳ ይህን ወደደው። በቤተ ማላሕ አንድ ሰው ምን አለ የሚል ጭቅጭቅ ሲነሣ የሚጠራው ዶሳ ነው። የሰማውን አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። አንድ ጊዜ በገዛ አማቱ ላይ እንኳ መስክሮ፣ ሚስቱ እስከ ዓመት በዓል ድረስ አላነጋገረችውም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጽሕፈቱን ሰጥቷት፣ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ፣ እንዲህ አለ፤ ‹የአዳር ወር እስኪያልቅ ካልመጣሁ ነፃ ነሽ።›»

«የለም» አለ ዘቢዳ እየሳቀ። «‹ኒሳንም እስኪገባ ካልመጣሁ ነፃ ነሽ› ነው ያለው።»

«‹የአዳር ወር እስኪያልቅ› ነው ያለው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እኔስ በአፍንጫዬ ነው የሰማሁት? ‹ኒሳንም እስኪገባ!› ደግሞስ ምን ለያቸው? ያው ነው።»

ያው ነው ባለ ጊዜ የራሱ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። አባ ሂልፋይ በእጃቸው የያዙትን ባቄላ ወደ ሳህኑ አልጣሉትም። ቀና ብለው ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው።

«እስከ ዛሬ ጧት ያው ነበር» አሉ። «አዳር በሚወጣበት በር ነበር ኒሳን የሚገባው። ዛሬ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ወር ሙሉ ገብቶ ተቀምጧል።»

ታንሁም ዳቦውን ማላመጥ አቆመ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት?» አለ በሻከረ ድምፁ።

ነገሩ ለሁሉም ቀስ እያለ ገባቸው። ዮኤዘር ያለው ዘቢዳ እንደሚለው ከሆነ፣ ሰላምጽዮን ሌላ ወር አላት። ዶሳ እንደሚለው ከሆነ ግን፣ አዳር ተብሎ የተቆጠረው ወር ዛሬ ያልቃል፤ ሁለተኛ አዳር መጣ አልመጣ አይረዳትም። ሁለቱም ቃላቸውን ከያዙ ደግሞ ጥርጣሬ ሆነ ማለት ነው፤ ለካህን ሚስት ጥርጣሬ ከፍች አይሻልም።

«አስቡት» አሉ አባ ሂልፋይ። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «ኡሻ ልኬ እንዳልጠይቅ ፀሐይዋ አትጠብቀኝም። እስክትጠልቅ አስቡት። ከጠለቀች በኋላ ግን ማንም ትዝ አለኝ እያለ በሬን እንዳያንኳኳ። በዚያን ሰዓት የሚመጣ ትዝታ እዝነት የወለደው ነው ይባላል፤ እኔም ያንን እላለሁ።»

ከግቢው እንደወጡ ዘቢዳ የዶሳን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ወደ ግድግዳ ጥግ ወሰደው።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ጆሮዬ ጨው ገብቶበት ነበር በልና ተገላገል!»

«አልገባበትም።»

«ዮኤዘር እኮ ያንተ ጓደኛ ነው! የልጅህን ግዝረት ወይን የከፈለልህ!»

«ጓደኛዬ ባይሆን እንዲህ ያመኝ ነበር?» አለ ዶሳ። ዓይኑ ቀልቷል። «ዘቢዳ፣ ቃሉ አሁንም በጆሮዬ ይሰማኛል። ‹የአዳር ወር እስኪያልቅ›። አንተን ደስ እንዲልህ ብዬ ሌላ ነገር ልስማ? ደግሞ አንተ ለምን አትተወውም? ተሳስቼ ይሆናል በላ።»

«እኔ? እኔ አዳር የሚባል ቃል ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም! ወዲያ፣ አንተ ግትር። መረብህ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ እሱ አንዳንዴ ይለቃል።»

ዘቢዳ እየተራገመ ሄደ። ዶሳ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት፤ ያከበሩት አልመሰለውም። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆማ «እሰይ ዶሳ፣ እውነትህን ይዘህ ተኛባት» አለችው። ከዓሣ ጋኖቹ ዘንድም ትንሽ ቀደም ብሎ ሲሳሳቁ የነበሩት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውት ዓሣቸውን ማሸት ያዙ።

ሰላምጽዮን በሩ ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ሊያልፋት አልቻለም። ትለምነኛለች ብሎ ፈራ። ብትለምነው ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቅም ነበር።

«ዶሳ» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ያልሰማኸውን ሰማሁ እንዳትልልኝ።»

«አልልም» አለ። «አልልም፣ እህቴ። ስለዚህ ነው እንዲህ የሆንሁት።»

ትክ ብላ አየችው። የምትጨምረው ነገር ያለ መሰለው፤ ግን ከንፈሯን ገጥማ ወደ ባሕሩ ዞረች። እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ሴት ይህ ሊደርስባት አይገባም ነበር ብሎ እያሰበ ሄደ። ቃሏን የተረዳ መስሎታል።

ፀሐይዋ አርቤል ገደል ጫፍ ላይ ስትቀመጥ፣ ታንሁምን የምታሻግረው ጀልባ ተዘጋጀች። መልእክተኛን መሸኘት ወግ ስለሆነ አባ ሂልፋይም በትራቸውን ይዘው ወርደዋል። ሰዉ ግን ለታንሁም አልነበረም የመጣው። ሁሉም አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ ዶሳን ያያል። ሰላምጽዮን ከሁሉም ፈንጠር ብላ ጠጠሩ ላይ ቆማለች። ነፋሱ ከወዲያ ማዶ እየመጣ ሻሿን ይጎትታል።

«ማን ይገፋል?» አለ ከቀዛፊዎቹ አንዱ።

የዚያን ዳር ጀልባዎች ሁልጊዜ የሚገፋው ዶሳ ነው። ዛሬ ግን ስሙን የሚጠራው አልተገኘም። ሳይጠሩት ልብሱን ወገቡ ላይ ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገባና ትከሻውን ለጀልባዋ ሰጠ። ታንሁም ከወዲያኛው ጫፍ ቆሟል። ዘቢዳም ለመንገደኛው ስንቅ የሚሆን አንድ እንስራ ጨው ዓሣ ተሸክሞ፣ ወደ ውኃው ዘልቆ በገባው የድንጋይ መቆሚያ ላይ እየመጣ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ናቸውና አልተያዩም።

ታንሁም እጁን አነሣ። «ደህና ሁኑ! እንግዲህ ቂጣ አትጋግሩ—»

ዶሳ ገፋ። የጀልባዋ ሆድ ጠጠሩን እየፋቀ፣ ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ተንሸራተተ። ቀና ሲል የታንሁም አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ጀልባዋ ተንሳፈፈች፤ ጠጠሩም ዝም አለ። «—አደራ!» የሚለው ብቻ ደረሰው።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ዘቢዳ እንስራውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ቀና እያለ ጮኸ፤ «ምን አባቱ ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ? ‹ፉሪምንም ድገሙ፣ አደራ!› ይላል እኮ! የፉሪምን በዓል በልተን ጠጥተን ጨርሰናል! ወይኑን ማን ይሰጠናል?»

«ቂጣ አትጋግሩ ነው ያለው» አለ ዶሳ፣ ለራሱ ያህል።

«ቂጣ የሚል አልሰማሁም። ‹ፉሪምንም ድገሙ› ነው ያለው።»

ዶሳ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ማዕበሉ ሆዱን ይመታዋል። እጁ አሁንም ጀልባዋን እንደሚገፋ ተዘርግቷል። ያን ቀንም እዚሁ ነበር የቆመው። ያን ቀንም ገፍቶ ነበር። ያን ቀንም ጠጠሩ አፋጭቶ፣ ቀና ሲል የዮኤዘር አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ጀልባዋ ተንሳፍፋ «ካልመጣሁ ነፃ ነሽ» የሚለው ደረሰው። በመካከል የጎደለውስ? በመካከል የጎደለ ነገር መኖሩን ጆሮው ነግሮት አያውቅም። ሁለቱን ጫፎች ራሱ ይዞ አሰራቸው፤ መረብ እንደሚጠግን ሰው፣ ቋጠሮው እንኳ ሳይታወቅ።

ያልሰማኸውን ሰማሁ እንዳትልልኝ።

«አባ ሂልፋይ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አባ ሂልፋይ፣ ፀሐይዋ አልጠለቀችም!»

«እያየኋት ነው» አሉ አባ ሂልፋይ። «ምንድን ነው?»

«እኔ…» ዶሳ ይህን ቃል በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተናግሮት አያውቅም። «እኔ ሁሉንም አልሰማሁም። ጀልባዋን እየገፋሁ ነበር። ‹የአዳር ወር እስኪያልቅ› ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጠጠሩ ጮኸ። አፉ ግን አልቆመም ነበር። ሲናገር አየሁት። ምን እንዳለ አላውቅም። ‹ካልመጣሁ ነፃ ነሽ› የሚለውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ፣ ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ነው። የቀጠልኋቸው እኔ ነኝ።»

አባ ሂልፋይ እስከ ውኃው ጫፍ መጡ፤ ማዕበሉ ጫማቸውን አራሰው።

«ዘቢዳ» አሉ ወደ ድንጋዩ ዞረው። «ያን ቀን አንተስ የት ነበርህ?»

«እዚሁ። ስንቁን አምጥቼለት።»

«እንስራ ተሸክመህ?»

«ተሸክሜ… ሳስቀምጠው ነው እሱ መናገር የጀመረው።» ዘቢዳ ሳይጫን እግሩ ሥር የቀረውን እንስራ አየው። «መጀመሪያውን አልሰማሁም ማለት ነው? አልሰማሁም። ቀና ስል ነው የሰማሁት።»

«ቀና ስትል የሰማኸውን በለኝ። እንዳለ።»

«‹ኒሳንም እስኪገባ ካልመጣሁ ነፃ ነሽ›።»

«እንደገና።»

«‹ኒሳንም እስኪገባ›… አባ ሂልፋይ፣ ስንት ጊዜ ልበለው?»

«ኒሳን ነው ያለው፣ ኒሳንም?»

ዘቢዳ አፉን ከፍቶ ቆየ። ፀሐይዋ ግማሿ ከገደሉ ወዲያ ሄዳለች። አሁን ሰው ሁሉ የሚያየው የእሱን አፍ ነው።

«ኒሳንም» አለ በመጨረሻ። «ጧትም እንዲሁ ነው ያልሁት። ልማልልዎ እችላለሁ። አሁን ሲጠይቁኝ ነው እንጂ… ‹ም› አለበት።»

«‹ም› ካለ ከፊቱ ሌላ ነገር ብሏል» አሉ አባ ሂልፋይ። «ከምንም ተነሥቶ ‹ኒሳንም› የሚል ሰው የለም። አንተ ያልሰማኸውን ዶሳ ሰምቷል፤ ዶሳ ያልሰማውን አንተ ሰምተሃል። ሁለታችሁም መጨረሻውን ሰምታችኋል። ሰውየው ያለው እንዲህ ነው፤ ‹የአዳር ወር እስኪያልቅ፣ ኒሳንም እስኪገባ ካልመጣሁ ነፃ ነሽ።› ዛሬ አንዱ አዳር ቢያልቅም ኒሳን አልገባም። ሁለቱም ካልሆኑ አልሆነም።» በትራቸውን ጠጠሩ ላይ መቱ። «የዮኤዘር ሚስት ናት! ይህን በፀሐይ ብርሃን ነው ያልሁት፤ ሁላችሁም ስሙ።»

ጩኸቱ የውኃ ወፎቹን አስነሣቸው። ርቃ የሄደችው ጀልባ ላይ ታንሁም ነገሩ ስለ ፉሪም መስሎት እጁን እያወዛወዘ ጎንበስ ቀና ይላል። የፀሐይዋ ጠርዝ ለጥቂት ጊዜ ገደሉ ላይ ቆይቶ ገባ፤ ሁለተኛው አዳርም ጀመረ።

ዶሳ ከውኃው ወጥቶ የልብሱን ጫፍ ጨመቀ። ዘቢዳ ጀርባውን መታው። «ግትር ብዬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። ግትር ደንቆሮ ማለት ነበረብኝ።»

«አንተም ግማሽ ነው የሰማኸው።»

«የእኔ ግማሽ ‹ም› ነበረው!»

እየተጓተቱ ሰላምጽዮን ዘንድ ደረሱ። ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ በሩ ላይ፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ማዶውን ታያለች። ከወዲያኛው ዳር በጭጋግ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም።

«ታውቂ ነበር» አላት ዶሳ። «ቃሉን እስከ መጨረሻው የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«የሰማሁትማ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ነግሬህ ብትመሰክር ምስክሩ ማን ይሆን ነበር? አንተ ወይስ እኔ?»

ዘቢዳ የሳጥኑን ክብደት ለመሞከር በእግሩ ነካ አደረገው፤ ዞር ብሎም ጨለማ የወረደበትን የደማስቆ መንገድ አየ። ደስታው ላይ አንድ ነገር ጥላውን ጣለበትና፣ እንዲህ ያለውን ነገር በሆዱ ይዞ ማደር የማይችል ሰው ስለሆነ ተናገረው።

«ግን… ሰላምጽዮን፣ ይሄኛውም አዳር ቢያልቅስ? ያኔም ባይደርስስ?»

እሷ ጎንበስ ብላ የሳጥኑን አንድ እጀታ ያዘች፤ ሌላውን እስኪይዝላት ጠበቀችው።

«ለኡሻ ሰዎች ላኩባቸዋ» አለች። «እነሱ እንደሆነ ወር አይቸግራቸውም።»